ስለማይዳሰስ ገንዘብና ስለ አደራ

ሰው ያፈራውን ሀብት የሚጠብቀው በሁለት ነገር ነው፤ አንደኛው ቁልፍ ነው፥ ሁለተኛው ሕግ ነው። ቁልፍ ሌባው እንዳይገባ ይከለክላል፤ ሕግ ደግሞ ሌባው ከገባ በኋላ የወሰደውን እንዲመልስ ያስገድዳል። ቁልፍ ያለ ሕግ ደካማ ነው፤ የማይሰበር ቁልፍ በዓለም ላይ ተሠርቶ አያውቅምና። ሕግም ያለ ቁልፍ ደካማ ነው፤ ዳኛ ቤት ለቤት እየዞረ በር ሊዘጋ አይችልምና። በአገራችን የተበደለ ሰው «በሕግ አምላክ!» ብሎ ሲጮኽ በዳዩ ባለበት እንዲቆም፥ መንገደኛውም ጉዳዩን እንዲሰማ ግድ ይሆን ነበር። በዚያ ቃል ውስጥ የነበረው ኀይል የጮኸው ሰው ጉልበት አልነበረም፤ የሰሚው ሁሉ ለሕግ መገዛት ነበር እንጂ።

እንግዲህ ወጣቶች ሆይ፥ አንድ ጥያቄ ላቅርብላችሁ። ገንዘቡ የማይታይና የማይዳሰስ ቢሆን፥ ሌባው ፊቱ ያልታየ፥ ስሙም ያልታወቀ ቢሆን፥ የተሰረቀው ቤትም በባሕር ማዶ ያለ ኮምፒዩተር ቢሆን፥ ተበዳዩ «በሕግ አምላክ» የሚለው ለማን ነው? በየትኛውስ አደባባይ ቆሞ ይጮኻል? ይህ ለጨዋታ የተፈጠረ እንቆቅልሽ አይደለም። በዘመናችን በብዙ መቶ ሺሕ የሚቆጠሩ ሰዎች በእውነት የደረሰባቸው ነገር ነው። ስለዚህ «ነገርን ከሥሩ፥ ውሃን ከጥሩ» እንደሚባለው፥ ነገሩን ከመነሻው ጀምረን እንመልከተው። በዚህ ጽሑፍ የሚጠሩት ወሮችና ዓመታት ሁሉ በአውሮጳውያን አቆጣጠር ናቸው።

በ2008 ሳቶሺ ናካሞቶ በሚል ስም የተጠራ፥ እውነተኛ ማንነቱ ግን እስከ ዛሬ በማስረጃ ያልተረጋገጠ ሰው፥ ቢትኮይን ስለሚባል አዲስ ዓይነት ገንዘብ የሚያስረዳ ጽሑፍ አወጣ። በጃንዋሪ ወር 2009 ገንዘቡ ሥራውን ጀመረ። ቢትኮይን ከወርቅ አልተሠራም፤ በወረቀት አልታተመም፤ የሚያወጣውም መንግሥት የለም። ቢትኮይን ማለት በዓለም ዙሪያ በተበተኑ ብዙ ኮምፒዩተሮች ውስጥ አንድ ዓይነት ሆኖ የሚጻፍ መዝገብ ነው። መዝገቡ ከየት ወደ የት ስንት እንደ ተላለፈ ለሁሉ ያሳያል፤ ነገር ግን የሰው ስም አይጻፍበትም፤ በስም ፈንታ ረጅም የፊደልና የቁጥር ድርድር ይጻፍበታል። በዚያ ቁጥር ላይ ያለውን ገንዘብ ለማዘዝ የሚችለው ምስጢራዊ ቁልፍ ያለው ሰው ብቻ ነው። ቁልፉም ከብረት ሳይሆን ከቁጥር የተሠራ ነው። ቁልፉን የያዘ ገንዘቡን ያዝዛል፤ ቁልፉን ያጣ ገንዘቡን ያጣል። አንድ ጊዜ የተላለፈውንም «መልስ» ብሎ የሚያዝ የባንክ ሹም በመካከል የለም።

የዚህ ገንዘብ ዋና አሳብ ሰው በባንክ ወይም በሌላ አማካይ መተማመን ሳያስፈልገው ገንዘቡን በራሱ እጅ እንዲያዝ ነበር። ነገር ግን የሰው ጠባይ እንደ ታሰበው አልሆነም። ብዙው ሰው ቁልፉን ራሱ መጠበቅ ከበደው፤ መግዛትና መሸጥም ገበያ የሚያስፈልገው ሆነ። ስለዚህ ሰዎች ገንዘባቸውን ወደ መለዋወጫ ድርጅቶች እየወሰዱ ማስቀመጥ ጀመሩ። በዚህን ጊዜ አንድ ትልቅ ነገር ድምፅ ሳያሰማ ተለወጠ። ቁልፉ ከባለገንዘቡ እጅ ወጥቶ በድርጅቱ እጅ ገባ፤ ለባለገንዘቡ የቀረለት በድርጅቱ ገጽ ላይ የሚታይ ቁጥርና የመግቢያ ቃል ብቻ ሆነ። ሰውን ላለማመን የተፈጠረው ገንዘብ ዞሮ ዞሮ በሰው እምነት ላይ ወደቀ ማለት ነው። ይህን ነጥብ በልባችሁ ያዙት፤ የሚከተለው ታሪክ ሁሉ ከዚህ የመነጨ ነውና።

እንዲህ ካሉት ድርጅቶች መካከል በመጀመሪያው ዘመን ከሁሉ የገነነው ማውንት ጎክስ የተባለው ነው። ጄድ ማካሌብ የተባለ አሜሪካዊ በ2010 አቋቋመው፤ በ2011 ደግሞ ማርክ ካርፔሌስ ለተባለ በጃፓን ለሚኖር ፈረንሳዊ ሸጠው። መቀመጫው በቶክዮ ከተማ ነበር። በ2013 በዓለም ላይ ከሚደረገው የቢትኮይን ግብይት አብዛኛው በዚህ በአንድ ድርጅት በር ያልፍ ነበር። ትልቅነቱን ያየ ሰው ሁሉ ትልቅ ነገር ጽኑ ነው ብሎ አመነበት። ነገር ግን ትልቅነትና ጽናት አንድ አይደሉም። ገና በጁን ወር 2011 ጠላፊዎች ገብተው፥ በድርጅቱ ገበያ የነበረውን የቢትኮይን ዋጋ ለጥቂት ጊዜ ከአንድ ዶላር በታች አውርደውት ነበር። ያ የማስጠንቀቂያ ደወል ነበር፤ ገበያተኛው ግን ደወሉን ሰምቶ ተመልሶ ተኛ።

በፌብሩዋሪ ወር 2014 መጀመሪያ ድርጅቱ ደንበኞቹ ቢትኮይናቸውን እንዳያወጡ አገደ። በወሩ መጨረሻ በኢንተርኔት ላይ የነበረው ገጹ ተዘጋ፤ በፌብሩዋሪ 28 ቀንም ድርጅቱ ወደ ቶክዮ የወረዳ ፍርድ ቤት ቀርቦ ዕዳውን ለመክፈል እንዳልቻለ አስታወቀ። ጠፋ የተባለው 850,000 ያህል ቢትኮይን ነበር፤ ከዚህም ውስጥ 750,000 ያህሉ የደንበኞች፥ 100,000 ያህሉ የድርጅቱ የራሱ ነበር። በማርች ወር 200,000 ያህሉ በአንድ አሮጌ ማስቀመጫ ውስጥ መገኘቱ ተነገረ፤ 650,000 ያህሉ ግን የገባበት አልታወቀም። ስርቆቱም የአንድ ሌሊት ሥራ አልነበረም። የአሜሪካ ዐቃብያነ ሕግ በ2023 ይፋ ያደረጉት ክስ እንደሚለው፥ ጠላፊዎቹ ከሴፕቴምበር 2011 ጀምሮ ጥቂት በጥቂት እየቀዱ ወስደውታል። ክስ ፍርድ አይደለምና የተከሳሾቹን ስም እዚህ አናነሣም። ነገር ግን ጎተራው ከሥር እየተቀዳ፥ ባለእህሉ በየቀኑ ከላይ እያየ «ሙሉ ነው» ሲል መኖሩን ልብ በሉ። በገጹ ላይ የሚታየው ቁጥር አልጎደለም ነበር፤ የጎደለው ከቁጥሩ በስተጀርባ የነበረው ገንዘብ ነው።

እስቲ የዚያን ጊዜውን ተበዳይ በዓይነ ኅሊናችሁ ተመልከቱት። በሌላ ክፍለ ዓለም ይኖራል፤ የጃፓን ቋንቋ አያውቅም፤ ሌባውን አላየውም። ወደ ሌባው እንዳይሄድ ስሙን አያውቀውም። ወደ ድርጅቱ እንዳይሄድ ድርጅቱ ከስሯል። ወደ አገሩ ፖሊስ ቢሄድ የተሰረቀውን ነገር ምንነት ለማስረዳት ብቻ ግማሽ ቀን ይፈጅበታል። የቀረለት አንድ በር በቶክዮ ያለው የኪሳራ ችሎት ነበር።

በዚያ በር ቀድሞ በመግባት የሚታወስ አንድ የኪዮቶ ነዋሪ አለ። ይህ ሰው የከሰረውን ድርጅት ንብረት እንዲጠብቅ በፍርድ ቤት በተሾመው ሰው ላይ ክስ አቀረበ። ክርክሩ አጭርና ግልጽ ነበር፤ በድርጅቱ ዘንድ ያለው 458 ያህል ቢትኮይን የራሴ ሀብት ስለ ሆነ ከድርጅቱ ሀብት ተለይቶ ይሰጠኝ የሚል ነበር። የዚህን ክርክር ክብደት ለማወቅ አንድ ምሳሌ እንውሰድ። በቅሎውን በጎረቤቱ በረት ያሳደረ ሰው፥ ጎረቤቱ ቢከስር፥ በቅሎው የራሱ ናትና ስቦ ይወስዳታል። ለጎረቤቱ ብር ያበደረ ሰው ግን ከሌሎቹ አበዳሪዎች ጋራ ተሰልፎ፥ ከተረፈው ሀብት የምትደርሰውን ድርሻ ይጠብቃል። የኪዮቶው ሰው «እኔ ባለበቅሎ ነኝ» ማለቱ ነበር።

በኦገስት 5 ቀን 2015 ፍርድ ቤቱ አይደለህም ብሎ ፈረደበት። ምክንያቱም በ1896 የወጣው የጃፓን የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 85 «ነገር» ማለት ግዙፍነት ያለው ነገር ነው ብሎ ስለሚደነግግ ነው። ቢትኮይን ግን አይጨበጥም፤ አይዳሰስም፤ ስለዚህ ባለሀብት ሊኖረው አይችልም ተባለ። የሚጨበጠውን ገንዘብ ከፍሎ የማይጨበጠውን የገዛው ሰው፥ ከበቅሎው ባለቤትነት ወርዶ ከአበዳሪዎች ተርታ ተሰለፈ። ይህ የሆነው ፍርድ ቤቱ ለሌባ አዝኖ አይደለም። ሕጉ የተጻፈው መሬትንና ላምን፥ ሐርንና ሩዝን እያሰበ ነበር፤ ዳኛ ደግሞ ያልተጻፈውን እንደ ተጻፈ አድርጎ ለማንበብ ይፈራል።

ይህ ነገር ለእኛም እንግዳ አይደለም። በ1960 የወጣው የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1204 ባለሀብትነትን ሲተረጕም፥ ግዙፍነት ባለው ነገር ላይ የሚገኝ ከሁሉ የሰፋ መብት መሆኑን ይናገራል። ነገር ግን ያው ሕግ በቁጥር 1129 እንደ ኤሌክትሪክ ያለው የተፈጥሮ ኀይል፥ ሰው ገዝቶ ለጥቅሙ ሲያውለው፥ ግዙፍነት እንዳለው የሚንቀሳቀስ ንብረት እንዲቈጠር አድርጓል። ኤሌክትሪክ አይጨበጥም፤ ሆኖም ሕግ አውጪው ዋጋ ያለው መሆኑን አይቶ ስም ሰጠው። እንግዲህ ሕግ ሊያድግ የማይችል ድንጋይ አይደለም፤ ነገር ግን የሚያድገው አንድ ሰው መጥቶ በሩን ሲያንኳኳ ነው። የኪዮቶው ሰው ቢረታም ጥያቄውን በመዝገብ አስፍሮ ሄደ፤ ጥያቄውም ከእርሱ በኋላ በሌሎች አገሮች ችሎት ተነሥቷል።

ወደ ቶክዮ እንመለስ። የጃፓን የኪሳራ ሕግ የእያንዳንዱን ሰው ጥያቄ ኪሳራው በተከፈተበት ቀን ዋጋ ወደ የን ለውጦ ያስቀምጠዋል። ኪሳራው በኤፕሪል 2014 ሲከፈት ለአንድ ቢትኮይን የተቈረጠው ዋጋ 50,058 የን ያህል፥ ማለት ከ500 ዶላር ያነሰ ነበር። በ2017 መጨረሻ ግን የአንድ ቢትኮይን ዋጋ ወደ 20,000 ዶላር ተጠጋ። በዚህ ምክንያት በንብረት ጠባቂው እጅ የቀረው ቢትኮይን ዋጋው የዕዳውን ድምር ሁሉ አልፎ ሄደ። እንደ ሕጉ ቃል ቢሆን ተበዳዮቹ በአሮጌው ዋጋ ተከፍሏቸው ሲሸኙ፥ የተረፈው ብዙ ሀብት ለድርጅቱ ባለአክሲዮኖች ሊሆን ነበር። ከባለአክሲዮኖቹም ዋነኛው የቀድሞው የድርጅቱ ኀላፊ ኩባንያ ነበር። ሕግን በቃሉ ብቻ መጠበቅ አንዳንድ ጊዜ ፍትሕን እንደሚያስቀር የሚያሳይ ከዚህ የበለጠ ምሳሌ አይገኝም።

ተበዳዮቹ ግን አልተቀመጡም። በየአገሩ ተበታትነው የነበሩት ተጻጽፈውና ተባብረው፥ ጠበቃ አቁመው፥ በኖቬምበር 2017 አቤቱታ አቀረቡ። ልመናቸው የኪሳራው ሥርዓት ቆሞ፥ ድርጅቱ በዳኛ ፊት እንደገና ተቋቁሞ ዕዳውን በሚከፍልበት ሌላ ሥርዓት እንዲተካ ነበር። ይህ ሁለተኛው ሥርዓት ጥያቄው ወደ የን ሳይለወጥ በቢትኮይኑ እንዲከፈል መንገድ ይሰጣል። በጁን 22 ቀን 2018 ፍርድ ቤቱ ልመናቸውን ተቀበለ። የአከፋፈሉ ዕቅድ በ2021 በገንዘብ ጠያቂዎቹ ድምፅና በፍርድ ቤቱ ውሳኔ ጸና። ክፍያው በቢትኮይን የተጀመረው በጁላይ ወር 2024 ነው። ከጥፋቱ እስከ ክፍያው 10 ዓመት ሙሉ አለፈ። የተመለሰውም ከተሰጠው አደራ ጥቂቱ እጅ ብቻ ነበር፤ ሆኖም የቢትኮይን ዋጋ እጅግ ጨምሮ ስለ ነበር፥ ያ ጥቂቱ እጅ በ2014 ዋጋ ከታሰበው ከጠቅላላው ጥያቄ በለጠ።

አሁን አንድ ቁጥር ከሌላ ቁጥር ጋራ እናስተያይ። ድርጅቱ በከሰረ ጊዜ ገንዘብ የሚጠይቁት ሰዎች ከ100,000 በላይ መሆናቸው ተነግሮ ነበር። በ2016 ግን ተመርምሮ ተቀባይነት ያገኘው ጥያቄ 24,750 ያህል ነበር። የቀሩት ወዴት ሄዱ? ገሚሱ ጥቂት ነው ብሎ ንቆት ይሆናል፤ ገሚሱ ማስረጃውን ሳይዝ ቀርቶ ይሆናል፤ ገሚሱም በሕግ ተስፋ ቈርጦ ይሆናል። ሕግ ግን ያልጠየቀውን ሰው ፈልጎ አይሰጥም። በችሎት ዘንድ ዝምታ እንደ መተው ይቈጠራል።

ስለ ኀላፊው መጨረሻም ጥቂት ቃል እንናገር። ካርፔሌስ በኦገስት 2015 ተያዘ። በማርች 2019 ፍርድ ቤቱ እምነት በማጉደል ከቀረበበት ክስ ነጻ አወጣው፤ የድርጅቱን የኮምፒዩተር መዝገብ አዛብቷል በተባለው ግን ጥፋተኛ ሆኖ ስላገኘው፥ በ4 ዓመት ገደብ የ2 ዓመት ተኩል እስራት ፈረደበት። ከዚህ የምንማረው በወንጀል ችሎት የሚሰጠው ቅጣትና የተበዳይ ገንዘብ መመለስ ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ነው። «ተከሳሹ ታስሯል፤ እንግዲህ ገንዘቤ ይመጣል» ብሎ እጁን አጣጥፎ የተቀመጠ ሰው ጥያቄውን ለሚሰማው ለሌላው ችሎት ሳያቀርብ ይቀራል።

የጃፓን መንግሥትም ከደረሰው ነገር ተማረ። ከኤፕሪል 2017 ጀምሮ መለዋወጫ ድርጅቶች ሁሉ በመንግሥት ዘንድ እንዲመዘገቡ፥ የደንበኛውንም ሀብት ከራሳቸው ለይተው እንዲይዙ የሚያዝ ሕግ ሥራ ላይ ዋለ። በጃንዋሪ 2018 ኮይንቼክ ከተባለው ሌላ የቶክዮ ድርጅት 58 ቢሊዮን የን ያህል ዋጋ ያለው ኔም የሚባል ገንዘብ ተሰረቀ፤ የተጎዱት ደንበኞች 260,000 ያህል ነበሩ። ይህ ድርጅት ግን በማርች ወር ከራሱ ሀብት በየን ከፈላቸው። በኋላም ሕጉ እንደገና ተሻሽሎ፥ ከ2020 ጀምሮ የደንበኛው ሀብት አብዛኛው ከኢንተርኔት በተለየ ማስቀመጫ እንዲጠበቅ፥ በኢንተርኔት ለተያዘውም ጥቂት እጅ ድርጅቱ የራሱን ሀብት መድን እንዲያደርግ ተደነገገ። የ2014 ተበዳዮች ዕንባ ለ2018 ተበዳዮች ጋሻ ሆነ ማለት ይቻላል።

ከቶክዮ ወደ ኒው ዚላንድ እንሻገር፤ የኪዮቶው ሰው ያነሣው ጥያቄ መልስ ያገኘው በዚያ ነውና። በክራይስትቸርች ከተማ ክሪፕቶፒያ የሚባል መለዋወጫ ድርጅት ነበር። በጃንዋሪ 2019 ጠላፊዎች ገብተው ብዙ ሚሊዮን ዶላር የሚያወጣ ሀብት ወሰዱበት፤ በሜይ ወርም ድርጅቱ ፈርሶ ሂሳቡ እንዲጣራ ተወሰነ። ከስርቆት የተረፈው ሀብት ብዙ ነበር፤ ግን የማን ነው? የድርጅቱ ከሆነ የቤት ኪራይ የሚጠይቀውም፥ ዕቃ የሸጠለትም፥ መንግሥትም ከደንበኞቹ ጋራ ይካፈሉታል። የደንበኞቹ ከሆነ ግን ሌላ ሰው አይነካውም። በኤፕሪል 2020 ዳኛ ጌንዳል ፍርዳቸውን ሰጡ። እንዲህ ያለው የማይዳሰስ ገንዘብ ንብረት ነው፤ ድርጅቱም የያዘው ለራሱ ሳይሆን ለደንበኞቹ በአደራ ነው አሉ። ስለዚህ ደንበኞቹ ባለበቅሎዎች ሆኑ። ሀብቱን የማከፋፈሉም ሥራ በ2024 መጨረሻ ተጀመረ።

የዳኛውን ፍርድ ወደ ቋንቋችን ስንመልሰው «አደራ» የሚለውን ቃል መፈለግ አላስፈለገንም፤ ቃሉ ራሱ መጣ። አባቶቻችን «አደራ ጥብቅ፥ ሰማይ ሩቅ» ይሉ ነበር። አደራ የተሰጠው ሰው ዕቃው በእጁ ስላለ የእርሱ አይሆንም፤ እጁ የባለቤቱ እጅ ምትክ ነው። በ1960ው የፍትሐ ብሔር ሕጋችንም ስለ አደራ የሚናገር ክፍል አለ። እነሆ በኮምፒዩተር ዘመን የተነሣው ከባድ ጥያቄ የተፈታው በአዲስ ጥበብ አይደለም፤ ያገራችን ባላገር ሳይቀር በሚያውቀው በጥንቱ አሳብ ነው። መሣሪያው አዲስ ሆነ እንጂ፥ አንዱ አምኖ መስጠቱ፥ ሌላውም የተሰጠውን መጠበቁ አዲስ አይደለም።

በእንግሊዝ አገር ደግሞ ሌላው ጥያቄ፥ ማለት የማይታወቀውን ሌባ እንዴት መክሰስ ይቻላል የሚለው፥ መልስ ማግኘት ጀመረ። በጁን 2021 ፌች ኤአይ የተባለ ድርጅት ባይናንስ በሚባለው መለዋወጫ ያለው ሂሳቡ ተጠልፎ፥ 2.6 ሚሊዮን ዶላር ያህል እንደ ደረሰበት ጉዳት ለለንደን ፍርድ ቤት አመለከተ። የከሰሰውም «ስማቸው ያልታወቀ ሰዎች» ብሎ ነው። ፍርድ ቤቱ ስም የለም ብሎ አልመለሰውም። በጁላይ ወር ሀብቱ እንዲታገድ፥ መለዋወጫውም ስለ ጠላፊዎቹ የሚያውቀውን ለከሳሹ እንዲገልጽ አዘዘ። ይህን የቻለው የገንዘቡ መዝገብ ለሁሉ የተገለጠ ስለሆነ ነው። ሌባው ስሙን ሊሰውር ይችላል፤ ዱካውን ግን ሁልጊዜ ሊሰውር አይችልም። ዱካው የሰውን ማንነት ወደሚያውቅ ድርጅት ደጃፍ ሲደርስ፥ የዳኛው ትእዛዝ በዚያ ይጠብቀዋል።

ነገር ግን ማንም በዚህ ተደስቶ አይታለል። በ2024 በዚያው በለንደን አንድ ሰው በአጭበርባሪዎች ተታልሎ ያጣውን ገንዘብ ከአንድ የባሕር ማዶ መለዋወጫ ለማስመለስ ተከራከረ። ፍርድ ቤቱ እንዲህ ያለው ገንዘብ ንብረት መሆኑን፥ ዱካውም ሊከተሉት የሚቻል መሆኑን ተቀበለ። ሰውዬው ግን የእርሱ ገንዘብ በእርግጥ ወደዚያ ድርጅት መድረሱን በበቂ ማስረጃ ማሳየት ስላልቻለ በመለዋወጫው ላይ ያቀረበው ክስ ወደቀ። መብት ያለ ማስረጃ እግር እንደሌለው ሰው ነው፤ ወደ ፊት አይሄድም። በ2025 ደግሞ የእንግሊዝ ምክር ቤት፥ አንድ ነገር በዱሮዎቹ የንብረት ክፍሎች ስላልገባ ብቻ ንብረት ከመሆን አይከለከልም የሚል አጭር ሕግ አወጣ። ከቶክዮው ፍርድ እስከዚህ ሕግ ድረስ 10 ዓመት ያህል ነው። የኪዮቶው ሰው ጥያቄ ጠፍቶ አልቀረም ማለት ነው።

እንግዲህ ከዚህ ሁሉ ለራሳችን የምንይዘው ምንድን ነው? ገንዘብህን ለሌላ ከመስጠትህ በፊት «ይህ ሰው የሚይዝልኝ እንደ አደራ ነው ወይስ እንደ ብድር?» ብለህ ጠይቅ። መልሱ በድርጅቱ ውል ውስጥ ተጽፎ ይገኛል፤ ብዙ ሰው ግን የማያነበው ይህንኑ ነው። የክሪፕቶፒያ ደንበኞችን ከጠቀሟቸው ነገሮች አንዱ በውሉ የተጻፈው ቃል ነበር። የላክኸውንና የተቀበልኸውን ሁሉ፥ ቀኑንና ቁጥሩን፥ ከዚያው ከድርጅቱ ገጽ ውጭ በሌላ ቦታ ጽፈህ አስቀምጥ፤ ገጹ በተዘጋ ቀን ምስክርህ ያ ጽሑፍ ብቻ ነውና።

ጉዳት ቢደርስብህም «ሳይደርቅ በእርጥቡ፥ ሳይርቅ በቅርቡ» እንደሚባለው ወዲያውኑ ለድርጅቱም ለፖሊስም አመልክት። የተሰረቀ ቢትኮይን በአንድ ሌሊት ብዙ እጅ ሊያልፍ ይችላል፤ የእግድ ትእዛዝ የሚጠቅመው ገንዘቡ ገና ሊያዝ ከሚችልበት ቦታ ሳለ ነው። ሐፍረትም አያስርህ። የተታለለ ሰው ሞኝ መባልን ፈርቶ ዝም ሲል፥ ዝምታው የሌባው ሁለተኛ መሣሪያ ይሆናል። ደግሞም ከመጀመሪያው ሌባ በኋላ የሚመጣውን ሁለተኛውን ተጠንቀቅ። እርሱ «የጠፋብህን አስመልስልሃለሁ፤ አስቀድመህ ጥቂት ክፈለኝ» እያለ የሚመጣ ነው። ኀዘን ያደከመው ሰው ይህን ድምፅ ሲሰማ የሰማይ መልእክተኛ ይመስለዋል። «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» የተባለው ለእንዲህ ያለው ሰው ነው።

በአገራችንም የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ በጁን 2022 የአገሪቱ ሕጋዊ ገንዘብ ብር ብቻ መሆኑን፥ በእንዲህ ያለ ገንዘብ መገበያየትም ሕጋዊ አለመሆኑን ገልጾ ሕዝቡን አስጠንቅቆ ነበር። ሀብቱን ሕግ ከማያውቀው ስፍራ ያኖረ ሰው፥ በተሰረቀ ቀን ሕግ እንዲያውቅለት ለመለመን እንደሚቸገር ሁሉም ያስበው።

ከሁሉ በላይ ግን አንድ ነገር አትርሱ። ይህን ጽሑፍ ከምታነቡት ወጣቶች መካከል ነገ ዳኛ፥ ጠበቃ፥ የሕግ አርቃቂ የሚሆን አለ፤ የሰውን ገንዘብ በኮምፒዩተር የሚጠብቅም አለ። ለመጀመሪያው፥ የማታውቀውን ነገር ይዞ የሚመጣውን ተበዳይ «ይህ በመጽሐፌ የለም» ብለህ ከመመለስህ በፊት፥ በነገሩ ውስጥ ያለውን አሮጌ እውነት ፈልግ። ለሁለተኛው፥ በፊትህ የሚታየው ቁጥር የሰው ድካም መሆኑን አስብ። አንዱ ለልጁ ትምህርት ያጠራቀመው፥ ሌላው በስደት አገር ሌሊት ሠርቶ ያገኘው ይሆናል። ገንዘቡ አይዳሰስ ይሆናል፤ ገንዘቡን ያጣው ሰው ግን ይዳሰሳል፥ ይራባል፥ ያለቅሳል። ሕግ የቆመው ለእርሱ ነው፤ አደራም የሚባለው ይህ ነው።